ከጎርፍ ጋር የሚኖር የከተማ ወንዝ ዳርቻ ሲነደፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ለከተማ ወንዝ ዳርቻ በሚሠሩ ንድፎች ላይ ወንዙ ሁልጊዜ ጸጥ ብሎ ይታያል። ሙላቱም በዚያው ወረቀት ላይ ካልተሳለ የሚከተሉት ስህተቶች ተከታትለው ይመጣሉ።

ከሁሉ የከፋው የጎርፍ መከላከያውን ግንብ ከወንዙ ጠርዝ ላይ መገተር ነው። መሬት የተረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን መተኛ ያጣ ውሃ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይፈጥናል፣ መከራውንም ከታች ላሉ ሰፈሮች ያሻግራል። የኔዘርላንድሷ ናይሜኸን ከተማ ተቃራኒውን አደረገች፦ በዋል ወንዝ ዳር የነበረውን የአፈር ክትር 350 ሜትር ወደ ኋላ አሽሽታ ለውሃው ሁለተኛ መውረጃ ቆፈረች። የሙላቱ ከፍታ በ35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀነሰ፤ በመካከል የቀረው መሬትም መናፈሻ ሆነ። ቤታቸውን የለቀቁ ቤተሰቦች ነበሩና ዋጋው ቀላል አልነበረም።

«የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለው አነጋገርም ያዘናጋል። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት እንጂ አንዴ ከመጣ መቶ ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። የተተከለው ዛፍ ጥላ ሳይጥል ጎርፉ ሊቀድመው ይችላል።

ሁሉን ነገር በአንድ ከፍታ ላይ መደርደርም ሌላ ስህተት ነው። ታችኛው እርከን ሣር፣ ድንጋይና የእግር መንገድ ብቻ ይያዝ፤ የመብራት ማከፋፈያውና መጸዳጃ ቤቱ ከላይ ይሁኑ። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ስለሚችል፣ ወደ ከፍታው የሚያወጣ ደረጃ በየቅርቡ ያስፈልጋል። ሲንጋፖር ውስጥ በቢሻን መናፈሻ 2.7 ኪሎ ሜትር የኮንክሪት ቦይ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠማዝዞ ወደሚፈስ ወንዝ ሲለወጥ፣ ውሃው ሲነሳ የሚያስጠነቅቅ ሳይረንና መብራት አብሮ ተተክሏል።

ለተክሉ አኻያና ሸምበቆ ይበቃሉ፤ ጎንበስ ብለው ውሃውን ያሳልፋሉ፣ ሥሮቻቸውም አፈሩን ይይዛሉ።

የጎርፉን ማግስት መርሳት ግን ብዙ ጥሩ ንድፍ ሲያበላሽ ያሳዝነኛል። ውሃው ሲጎድል ደለል፣ ግንድና ፕላስቲክ ትቶ ይሄዳል። ፍሰቱን ፊት ለፊት የሚጋፈጥ አጥር ቆሻሻውን ሁሉ ያግድና ራሱ ግድብ ይሆናል፣ ከዚያም ይሰበራል፤ ስለዚህ የፍሰቱን አቅጣጫ ተከትሎ ይቁም፣ ወይም የሚታጠፍ ይሁን። ደለሉ እርጥብ ሳለ በውሃ ግፊት ይታጠባል፣ ከደረቀ ግን በአካፋና በዶማ የሚነሳ ነው። የማጠቢያው ቧንቧ ከሙላቱ ከፍታ በላይ ይውጣ፣ የጽዳት መኪናው መውረጃም እስከ ታችኛው እርከን ይድረስ፤ የጽዳቱ በጀትም ከግንባታው ጋር በአንድ ቀን ይጽደቅ።