ስካነሩ አልተበላሸም፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነበር

አዲሱ የዕቃ መመዝገቢያ ሲስተም ከገባ ጀምሮ ካውንተር ላይ ያለነው ሠራተኞች ፍዳችንን አየን። ባርኮድ ስናነብ አንዳንዱን «ዕቃው አልተገኘም» ይላል፤ ዕቃው ግን እጃችን ላይ ነው። ለአለቆች ስንነግር መልሳቸው «ሥልጠና ተሰጥቷችኋል» ሆነ። ሲመርጡት ማንም አልጠየቀን፣ እምቢ ሲል ግን ጥፋቱ የኛ!

ነገሩን ሳየው ቁጥር ብቻ ያለው ባርኮድ ይሠራል፤ ፊደል የተቀላቀለበት ነው የሚያስቸግረው። ኖትፓድ ከፍቼ አንዱን ሳነብ የእንግሊዝኛው «B» መውጣት ባለበት ቦታ የአማርኛው «ብ» ወጣ። ለካ ኮምፒውተሩ ስካነሩን የሚያየው እንደ ኪቦርድ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ላይ ከሆነ እሱም በአማርኛ ይጽፋል።

የዊንዶውስን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ተጭኖ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ይቻላል። ግን ለደንበኛ በአማርኛ መልእክት እየጻፈ ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ ገብቼ ለየመስኮቱ የተለየ ቋንቋ የሚፈቅደውን ምርጫ አበራሁት። አሁን የሲስተሙ መስኮት እንግሊዝኛ ላይ ይቆያል።

የደንበኛ ስም በአማርኛ የሚሞላበት ገጽ ላይ ግን አሁንም በእጅ መቀያየር ግድ ነው። እሱን ማስተካከል የሚችሉት ሲስተሙን የሠሩት ናቸው፤ ከነስክሪንሾቱ ልኬላቸዋለሁ።