የአሮጌ ላዳ የፍሬንና የፍሪሲዮን ማስተር ሲሊንደር እንዴት ይቀየራል?

ጎንደር ውስጥ ከጎሃ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ሲወርዱ የፍሬን ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ነገ ዛሬ አይበሉ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ረግጠው ይያዙ። የትም ቦታ ፍሳሽ ሳይኖር ፔዳሉ ከወረደ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን በቧንቧ የሚገፋው ክፍል) ጎሚኒ፣ ማለትም የውስጡ የጎማ ማሸጊያ፣ አልቋል፤ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ ይመለሳል ማለት ነው። የፍሪሲዮኑ ሲያረጅ ደግሞ ማርሽ፣ በተለይ የኋላው፣ እየጮኸ አልገባም ይላል። ከፔዳሉ በላይም ዘይት ያለቅሳል።

ላዳ የፊያት 124 ልጅ ናት። ኮፈኑን ሲከፍቱ ሁለቱን ሲሊንደሮች በሾፌሩ በኩል ጎን ለጎን ያገኟቸዋል። አንዱ ካለቀ የዕድሜ እኩያውም ብዙ አይቆይምና ሁለቱንም አብሮ መቀየር ይሻላል። ጎሚኒ ብቻ መቀየር ይረክሳል፣ እውነት ነው። ግን የሲሊንደሩን ውስጥ ዝገት ከቦረቦረው አዲሱንም ጎሚኒ ይበላዋል። እኔ ሙሉውን ግዙ ባይ ነኝ።

ዘይቱ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ይሁን፤ ያልተከፈተ ጠርሙስ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ የጎንደር ክረምት ደግሞ እርጥበት አይነፍግም። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ሊማሊሞን በፍሬን ብቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፦ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። የሞተር ዘይት ደግሞ ጠብታም እንዳይገባ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

ለመፍታት ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፉ። አሮጌውን ዘይት ከዘይት ማጠራቀሚያ ዕቃዎቹ ውስጥ በሲሪንጅ ይምጠጡ። ሥሩ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ይህ ዘይት ቀለም ይልጣል። የቧንቧዎቹን ዳዶ ሲፈቱ አይቸኩሉ። ዝገት ማስለቀቂያ ረጭተው ይጠብቁ፣ ከዚያ ልኩን በያዘ ቁልፍ ይሞክሩ። ዳዶው ሲዞር ቧንቧው አብሮ ከተጠመዘዘ ወዲያው ያቁሙ። ወደ ማጥበቂያው ትንሽ መልሰው፣ እንደገና ረጭተው ይሞክሩ። የተሰበረ ቧንቧ የግማሽ ቀን ሥራን የሳምንት ያደርገዋል።

አዲሱን የፍሬን ሲሊንደር ከመግጠምዎ በፊት ሞርሳ ላይ አስረው የውስጡን አየር ያስወጡለት። ዘይት ሞልተው ፒስተኑን በደብዛዛ ነገር ቀስ ብለው ይግፉ፣ ሲመለስ መውጫዎቹን በጣት ይድፈኑ፣ አረፋ እስኪጠፋ ይደጋግሙ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ ይላል።

ሲገጥሙ መጀመሪያ የቧንቧዎቹን ዳዶ በእጅ ያስጀምሩ፤ የሲሊንደሩን ማሰሪያ ከዚያ በኋላ ያጥብቁ። አለበለዚያ ጥርሱ ይዛነፋል። በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል ጥቂት ክፍተት መኖሩንም ያረጋግጡ። ዘንጉ ፒስተኑን ሁልጊዜ ከገፋው የዘይት መመለሻዋ ቀዳዳ ተደፍና ትቀራለች። ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፣ ጎማው ይግላል። የፍሪሲዮኑም እንዲሁ ክፍተት ይፈልጋል።

አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። በጣም ከሚርቀው ይጀምሩ፦ ከኋላ ቀኝ፣ ከዚያ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ መጨረሻ ፊት ግራ። አየር ማውጫው ላይ ቀጭን ጎማ ሰክተው ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ። ፔዳሉ ላይ ለተቀመጠው ልጅ «እርገጥ!»፣ «ያዝ!» ይበሉት፣ ይክፈቱ፣ አረፋው ይውጣ፣ ይዝጉ፤ «ልቀቅ!» የሚባለው ከዘጉ በኋላ ብቻ ነው። ልጁ ከቀደመዎት አየሩ ተመልሶ ይገባል። ዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳያልቅም በየመሃሉ ይሙሉ። የፍሪሲዮኑን ማርሽ ሳጥኑ ጎን ባለው ታችኛው ሲሊንደር ላይ በዚሁ መንገድ ይጨርሱ።

ሙከራውን አዘዞ አካባቢ ጭር ባለ ሜዳማ መንገድ ላይ በዝግታ ያድርጉ፤ ቁልቁለቱ ይቆይ። በማግስቱ ጠዋት የዘይቱን ልክ ይዩ፣ እያንዳንዱን ዳዶ በደረቅ ሶፍት ይጥረጉ። ሶፍቱ ከረጠበ ያ ዳዶ ትንሽ መጥበቅ ይቀረዋል።