የሮማንቲክ ዘመን የፒያኖ ኮንቼርቶ አሠራርን በጆሮ እንዴት መለየት ይቻላል? በግሪግ ኮንቼርቶ ደረጃ በደረጃ

ብዙ አድማጭ ኮንቼርቶ (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ድርሰት) ሲሰማ የሚከተለው የፒያኒስቱን ጣቶች ነው። ፍጥነቱ ያስደንቀዋል፣ ግማሽ ሰዓቱ ግን ምንም ቅርጽ ሳይዝለት ያልፋል። ቅርጹ የሚገለጠው አንድ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁ ነው፦ ዜማው አሁን በማን እጅ ነው? በእኛ ዘፈን አውጪና ተቀባይ እንዳለ ሁሉ ኮንቼርቶም የሚቆመው በመቀባበል ነው። ልዩነቱ ፒያኖውና ኦርኬስትራው አውጪነቱን በየጊዜው መለዋወጣቸው ነው።

ለልምምድ ከኤድቫርድ ግሪግ የኤ ማይነር ኮንቼርቶ፣ ኦፐስ 16፣ የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ኖርዌያዊው ግሪግ በ1868 እ.ኤ.አ. ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ዴንማርክ ውስጥ ጻፈው፤ በዓመቱ ኮፐንሃገን ላይ ፒያኒስቱ ኤድሙንድ ኖይፐርት ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው። ሦስት ክፍሎች አሉት፣ በድምሩ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ መገጣጠሚያዎቹም በግልጽ ይሰማሉ።

ዝግጅት

ሙሉውን ቀረጻ ያግኙ፤ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ቆርጠው የሚያቀርቡ ቪዲዮዎች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በሄድፎን ያዳምጡ። የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያስቀር ቼሎ (ወፍራም ድምፅ ያለው የክር መሣሪያ) እና ቲምፓኒ (ትልቁ የኦርኬስትራ ከበሮ) ይጠፋሉ፣ ከዋናዎቹ ዜማዎች አንዱ ደግሞ በቼሎ ነው የሚገባው። ወረቀት ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ደቂቃ፣ ዜማው በማን እጅ ነው፣ ሌላው ምን ያደርጋል፣ ሜጀር (ብሩህ ስሜት ያለው ቅኝት) ነው ወይስ ማይነር (ጠቆር ያለ ስሜት ያለው)። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ለሚያነቡ ግን ግሪግ ያረፈው በ1907 ስለሆነ የቆዩት ኅትመቶች በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ድምፆች በጣት ይያዙ

ሙዚቃውን ከመክፈትዎ በፊት ፒያኖ፣ ኪቦርድ ወይም የስልክ አፕ ላይ ይቀመጡ። ጥቁሮቹ ቁልፎች በሁለት በሁለትና በሦስት በሦስት ተሰብስበዋል። ከሦስቱ ጥቁሮች የመካከለኛው ጂ ሻርፕ ነው፤ ከእሱ በስተቀኝ ያለው ነጭ ኤ ነው። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተቀኝ የሚገኘው ነጭ ደግሞ ኢ ነው። ኤ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኢ ብለው ወደ ታች ይጫወቱ፦ መጀመሪያ አጭር እርምጃ፣ ቀጥሎ ሰፋ ያለ ዝላይ። ጆሮዎ እስኪለምደው አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ኮንቼርቶው የሚከፈተው በዚህች ቁራጭ ነው፣ በኋላም ትመለሳለች።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይስሙ

ቲምፓኒው ከዝቅታ ተነስቶ እየጎላ ይመጣል፤ ፒያኖው በሙሉ ኃይሉ ይገባና ሦስቱን ድምፆች እየደጋገመ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል። በሞዛርት ዘመን ልማዱ ሌላ ነበር፤ ኦርኬስትራው ብቻውን ዜማዎቹን ለደቂቃዎች ያስተዋውቃል፣ ፒያኒስቱ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ሮማንቲኮቹ (የ19ኛው ክፍለ ዘመን ደራሲዎች) ይህን መግቢያ አሳጠሩት ወይም ጨርሰው ተዉት። ሶሎ ተጫዋቹ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ የድራማው ባለቤት ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይህን ነጎድጓዳማ መግቢያ ዋናው ዜማ አድርጎ ይመዘግብና ቀጥሎ የሚመጣውን ሳያስተውል ያልፋል። ዋናው ዜማ የሚጀምረው ፒያኖው ዝም ሲል ነው፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች ቆጠብ ባለ ምት ያወጡታል፣ ፒያኖው ይቀበላቸውና በራሱ አነጋገር ይደግመዋል። የወረቀትዎ የመጀመሪያ መስመሮች እንግዲህ ‹ፒያኖ፣ መግቢያ›፣ ‹ትንፋሽ፣ ዜማ 1›፣ ‹ፒያኖ፣ ዜማ 1› መሆን አለባቸው።

ደረጃ 3፦ ሁለተኛውን ዜማ ይያዙ

ቀጥሎ ፒያኖው ፈጠን ብሎ ይቦርቃል። ይህ መሸጋገሪያ ነው፣ ‹ድልድይ› ብለው ጽፈው ይለፉት። ከ2 ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱ ይረግባል፣ ቼሎዎቹ ሰፊና ዘገምተኛ ዜማ ይዘው ይመጣሉ። አራተኛው ዓምድ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ ከኤ ማይነር ወደ ሲ ሜጀር ተሻግረናል። ፒያኖው ዜማውን ይረከብና ያሰፋዋል፣ ከዚያ መላው ኦርኬስትራ ገብቶ የክፍሉን የመጀመሪያ ምዕራፍ ይዘጋል።

ደረጃ 4፦ ማጎልበቻውን እና መመለሻውን ይለዩ

ማጎልበቻ ዜማዎቹ ከቤታቸው ወጥተው የሚንከራተቱበት ነው፤ ቁልፍ (ዜማው የሚቆምበት መሠረተ ድምፅና ቅኝት) ይቀያየራል፣ ዜማ ተቆራርጦ ይመጣል። ግሪግ እዚህ አጭር ነው። ፍሉትና ሆርን የዜማ 1ን ቁራጭ ሲቀባበሉ ፒያኖው ከሥር ኮርዶቹን (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) በትኖ እንደ ማዕበል ይነጉዳል። በዚህ ሰዓት ብዙ ድምፅ የሚያወጣው ፒያኖው ቢሆንም ዜማው በእጁ የለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስሞቹን ካቀያየሩ የሚያገኙት ካርታ ሁሉ ይዛባል። ሲጠራጠሩ ራስዎ ለማዜም ይሞክሩ፤ ሊያዜሙት የሚችሉት ዜማ ነው፣ የማይችሉት አጃቢ ነው።

ዜማ 1 በኤ ማይነር ሲመለስ መመለሻው ደርሷል። ማረጋገጫው ግን ዜማ 2 ነው። አሁን የሚመጣው በሲ ሳይሆን በኤ ሜጀር ነው፤ በሩቅ የነበረው ዜማ ወደ ቤት ተጠርቷል። ሁለቱን ቦታዎች እያፈራረቁ ቢያዳምጡ ልዩነቱ በጆሮ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ካዴንዛው

ወደ 9ኛውና 10ኛው ደቂቃ አካባቢ ኦርኬስትራው ጎልቶ ይመጣና ድንገት ይቆማል። ፒያኖው 3 ደቂቃ ያህል ብቻውን ይቀራል፤ ካዴንዛ የሚባለው ይህ ነው። በጥንቱ ልማድ ተጫዋቹ በዚህ ቦታ ከራሱ ይፈጥር ነበር፤ ግሪግ ግን እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ደራሲዎች እያንዳንዱን ኖታ ጽፎ አስቀምጦታል። ለጣት ትርኢት ብቻ የገባ አይምሰልዎ። ዜማ 1 በቀስታ ይጀምርና ከታች በሚንቀጠቀጥ ባስ ላይ እየገዘፈ ሄዶ በከባድ ኮርዶች ይፈነዳል፤ ኦርኬስትራ በሌለበት ፒያኖው ሁለቱንም ወገን ሆኖ ይናገራል። በእኔ ግምት የክፍሉ ጣሪያ ይህ ነው። ኦርኬስትራው ሲመለስ በለሆሳስ ነው፤ በኮዳው (በመዝጊያው) መጨረሻ የመክፈቻዋ ቁራጭ ተመልሳ ክፍሉን ትዘጋለች።

ደረጃ 6፦ ዘገምተኛው ክፍል

6 ወይም 7 ደቂቃ ነው፣ አሠራሩም ቀላል፦ ዜማ፣ መካከል፣ ዜማ። ቁልፉ ዲ ፍላት ሜጀር ነው፣ ከኤ ማይነር በጣም የራቀ፤ አየሩ የተቀየረ የሚመስለው ለዚህ ነው። የክር መሣሪያዎች ድምፃቸው ታፍኖ ብቻቸውን ያዜማሉ። ፒያኖው ዘግይቶ ሲገባም ዜማቸውን አይደግምም፤ ጌጠኛ የሆነ የራሱን ነገር ይናገራል። ዜማውን የሚወስደው በኋላ ነው፣ በሙሉ ድምፅ። መጨረሻው ላይ አያጨብጭቡ፤ ሦስተኛው ክፍል ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ የመጨረሻው ክፍል

እዚህ ሃሊንግ የተባለው የኖርዌይ የዝላይ ጭፈራ ምት አለ፤ በእግርዎ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት እያሉ ይቁጠሩ። ወደ 3ኛው ደቂቃ ገደማ ጭፈራው ይቆምና ፍሉት በኤፍ ሜጀር ረጋ ያለ ዜማ ታወጣለች። ደቂቃውን ጽፈው ያስምሩበት። ጭፈራው ተመልሶ መጥቶ፣ አጭር የፒያኖ ሶሎ አልፎ፣ ምቱ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀየር እግርዎ ይስታል፤ ያን ጊዜ መጨረሻው እንደቀረበ ይወቁ። ከዚያ የፍሉቷ ዜማ በመላው ኦርኬስትራ፣ በኤ ሜጀር፣ ከግዙፍ የፒያኖ ኮርዶች ጋር ይመለሳል። ለስላሳውን ዜማ ደብቆ አቆይቶ በመጨረሻ ማግነን የሮማንቲክ ኮንቼርቶ ትልቁ ስልት ነው።

አንድ ነገር እዚያው ልብ ይበሉ። በዚህ ዜማ ጂ ሻርፕ የነበረው ድምፅ ኦርኬስትራው ውስጥ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ጂ ይሆናል። ታዋቂው ፒያኒስትና ደራሲ ፍራንዝ ሊስት በ1870 ሮም ላይ ኖታውን እያየ ሲጫወት እዚህ ቦታ ደርሶ ያቺን ጂ በደስታ እንደጮኸላት ግሪግ ራሱ ጽፏል። ኪቦርዱ ላይ ኤ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኢ ከዚያም ኤ፣ ጂ፣ ኢ ብለው ቢያነጻጽሩ ይሰሙታል።

በዚሁ ወረቀት ወደ ሌሎቹ

ቀጥሎ የሹማንን የኤ ማይነር ኮንቼርቶ (1845) ይውሰዱ። ግሪግ ከእሱ እንደተማረ አጀማመሩ ራሱ ይናገራል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛ ዜማ ፍለጋ አይድከሙ፣ ወደ ሲ ሜጀር ሲሻገር የሚሰማው ራሱ ዜማ 1 ነው። በቻይኮቭስኪ አንደኛ ኮንቼርቶ ታላቁ የመክፈቻ ዜማ ከመግቢያው በኋላ ስለማይመለስ ካርታው ላይ መጀመሪያው ላይ ብቻ ቢገኝ ስህተቱ የእርስዎ አይደለም። የራህማኒኖቭ ሁለተኛ (1901) በፒያኖ ኮርዶች ይከፈታል፤ ሰፊው ዜማ ሲገባ ግን ሁለተኛው ዓምድ ላይ የሚጻፈው ‹ክር› ነው፣ ፒያኖው ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ሆኖ ያጅባል።