የተሳቢ ኤሌክትሪክ ፍሬን ስትዘረጉ ማሳውን (የኔጋቲቭ መስመሩን) አደራ

ከጎንደር ተነስቶ በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን የሚወርድ ፒክአፕ ከባድ ተሳቢ ከጎተተ፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ያስፈልገዋል። የመኪናው ፍሬን ብቻውን ሁለቱንም ልያዝ ሲል የፍሬን ሸራው ይግላል። ከጋለ በኋላ ፔዳሉን ብትረግጡትም አይዝም።

አዘዞ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ «አልይዝ አለ» ተብሎ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ሽቦውን ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩም እዚያው ይገኛል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ታምቡሮው (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ከበሮ) ውስጥ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚዞረው ታምቡሮ ጋር ይጣበቅና ክንዱን ይስባል፤ ክንዱ ሸራውን ይገፋል። ኤሌክትሪኩ ሲበረታ አያያዙም ይበረታል። ስለዚህ በቀጭን ሽቦ ወይም በላላ ማሰሪያ የሚጠፋው ቮልት ሁሉ ከፍሬኑ ጉልበት ላይ ይቀነሳል።

ሹፌሩ እጁ የሚደርስበት ቦታ ላይ ኮንትሮለር፣ ማለትም ወደ ተሳቢው ፍሬን የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ይገጠማል። በብዛት አራት ሽቦ አለው። ጥቁሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ከኔጋቲቭ፣ ቀዩ ከፍሬን መብራት ስዊች፣ ሰማያዊው ወደ ተሳቢው ይሄዳል። ቀዩን የምታስሩት ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚመጣበት ጎን ነው። በቴስተር ሳታረጋግጡ አትቁረጡ። ጥቁሩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ሰርኪዩት ብሬከር አስገቡ፤ እስከ አራት ፍሬን ድረስ 20 አምፔር ይበቃል።

የሽቦ ውፍረት ላይ አትቆጥቡ። አንድ ፍሬን ከ3 እስከ 4 አምፔር ይበላል። ለባለ አንድ አክሰል 4 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ለባለ ሁለት አክሰል 6 ዘርጉ። የቤት መስመር የሚዘረጋበት ድፍን ሽቦ ለመኪና አይሆንም፤ በንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል።

አሁን ወደ ማሳው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ወደሚመለስበት መስመር። ብዙ ሰው «ሻንሲው ከሻንሲው ተገናኝቷል፣ ይበቃል» ብሎ በመጎተቻው ኳስ ላይ ይተማመናል። ኳሱ ላይ ግራሶ አለ፣ አቧራ አለ፣ ዝገት አለ። ጉድጓድ ላይ ሲዘል ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ፍሬኑ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። ለማሳው የራሱን ሽቦ፣ ከሰማያዊው እኩል ውፍረት ያለውን፣ በሶኬቱ በኩል አሳልፉ። ከየማግኔቱ ከሚወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ከሰማያዊው፣ ሌላውን ከዚህ ማሳ ጋር እሰሩ። የትኛው የት መሆኑ ለውጥ የለውም። መጋጠሚያውን በስታኞ በይዱት፤ ናስትሮ ብቻውን ክረምቱን አይችልም። ፍሬቻ ስታበሩ የኋላ መብራቱም አብሮ ብልጭ ካለ ማሳው ደካማ ነው።

ሶኬት ስትገዙ አስተውሉ። ጠፍጣፋ እግር ያለው የአሜሪካው ባለ ሰባት ለፍሬን የተለየ እግር አለው። ክብ እግር ያለው የተለመደው የአውሮፓ ባለ ሰባት ግን የለውም።

ተሳቢው ቢበጠስ ራሱን የሚይዝበት ስዊችና ትንሽ ባትሪም ይኑረው። የስዊቹን ገመድ ከመጎተቻው ኳስ ላይ ሳይሆን ከመኪናው አካል ጋር እሰሩት። ለመሞከር ሶኬቱን ንቀሉ፣ ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ገመዱን ሳቡ። ጎማው በእጅ መዞር የለበትም።

ማስተካከሉን ጭነት ጭናችሁ፣ ደረቅና ሜዳ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዳችሁ አድርጉት። የኮንትሮለሩን የእጅ ማንሻ ያዙ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ከቆመና ከተንሸራተተ ኃይሉን ትንሽ ቀንሱ። ጭነት አራግፋችሁ ባዶውን ስትመለሱ እንደገና ቀንሱት።

ሊማሊሞን በከባድ ማርሽ ውረዱ። ታች ደርሳችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ታምቡሮ አስጠጉ፤ አትንኩት። ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ እሱ አልሠራም። የዚያን ማግኔት ሽቦ ፈታችሁ በኦም ለኩ፤ 10 ወይም 12 ኢንች ታምቡሮ ላይ ጤነኛው 3 ኦም አካባቢ ያነባል። ማግኔቱ ደህና ከሆነ ማሳውን ተከተሉት።