ምንጭ እንዴት ይጎለብታል?

ምንጭ ማጎልበት ማለት ከመሬት በራሱ የሚፈልቀውን ውሃ ገና ከዓይኑ ሳይበከል ይዞ በቱቦ ማውጣት ነው። ሞተርም፣ ናፍጣም፣ መብራትም አይጠይቅም፤ ስለዚህ በደጋማ የገጠር ቀበሌዎች ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነው እላለሁ።

ሥራው የሚጀምረው ውሃውን በመለካት ሲሆን፣ የሚለካውም በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው እጅግ በሚያንስበት ጊዜ እንጂ በመስከረም አይደለም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ100 ሰከንድ የሚሞላ ከሆነ ምንጩ በቀን 17,280 ሊትር ይሰጣል። ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ባስቀመጠው በሰው በቀን 25 ሊትር ሲሰላ ይህ ለ690 ሰው ያህል ይበቃል፤ ነገር ግን የሌሊቱ ውሃ በማጠራቀሚያ ከተያዘ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዓይኑ ይፈለጋል። አስቀድሞ ከታች በኩል ማፋሰሻ ቦይ ይቀደድ፤ ውሃው እንደተኛ ከተቆፈረ ጭቃው ዓይኑን ይደፍነዋል። ከዚያ ውሃውን እየተከተሉ በዶማ ወደ ተዳፋቱ ይገባሉ፤ ከአለት ወይም ውሃ ከማያሳልፍ ጠንካራ አፈር ላይ ሲፈልቅ ባዩ ጊዜ ያቁሙ። ያንን ወለል መስበር ውሃውን ወደ ታች ማስረግ ነው፤ ፈንጂማ ፈጽሞ አይታሰብም።

ከሁሉ የሚከብደው የከፍታ ጉዳይ ነው። ዓይኑ በተገኘበት ቀን፣ ውሃው በተፈጥሮው የሚወጣበትን ከፍታ በችካልና በሲባጎ ምልክት ያድርጉበት፤ ዓይኑን ለመያዝ በሚሠራው የግንብ ሳጥን ውስጥ ያለው ውሃ በክረምትም ቢሆን ከዚያ ምልክት በላይ መውጣት የለበትም። ውሃ በአንድ ዓይን የሚወጣው ያ መንገድ ከሌላው ስለሚቀለው ነው። ፊት ለፊቱ ውሃ ተቋጥሮ ሲጫነው በአለቱ ስንጥቅ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ አንዴ ካገኘ ደግሞ ግድግዳው ቢፈርስለት እንኳ ላይመለስ ይችላል።

ይህን የተማርኩት በሰው ውሃ ነው። በወሎ ደጋ የአንድ መንደር ምንጭ ስናጎለብት፣ ለማጠራቀሚያ የሚሆን ሲሚንቶ ስላልበቃን፣ ሳጥኑ ራሱ ውሃ እንዲያጠራቅም ብዬ ግድግዳውን አስረዘምኩ፤ መውጫ ቱቦውንም ከዓይኑ አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ደኅና ፈሰሰ። በሦስተኛው እየቀጠነ ሄዶ ቆመ፤ ውሃውም ከግርጌ በአንድ አባት ማሳ ውስጥ ፈለቀ። ያን ሰሞን እናቶች ከጭቃ ውስጥ በጣሳ እየጨለፉ ጀሪካን ሲሞሉ ማየቴን አልረሳውም። ግድግዳውን ብናፈርስም ወደ ዓይኑ የተመለሰው ከግማሽ በታች ነበር።

ስለዚህ የትርፍ ውሃ ማስወጫው ከምልክቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ይበል፤ የክረምቱን ውሃ የሚያሳልፍ ሰፊ ቱቦም ይሁን። ዋናው መውጫ ከእርሱ በታች፣ ደለል እንዳይገባበት ግን ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀበራል። ማጠራቀሚያው ምንጊዜም ለብቻው፣ ከታች ይሠራ።

ከግድግዳው ጀርባ የታጠበ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠር ይሞላል፤ በላዩም ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት አፈር በደንብ ተጠቅጥቆ ይለበጣል። ቅርብ ተገኘ ተብሎ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር አይደረግ፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ጎርፉን ያስገባል። ከላይ በኩል ከ8 እስከ 10 ሜትር ርቆ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዙሪያው ይታጠራል፤ መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በላይ በኩል አይሠራ፣ በሌላውም በኩል ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ለከብቶች ገንዳ ከትርፉ ውሃ ይሠራላቸው፤ ካልተሠራላቸው አጥሩን ጥሰው ይገባሉ። ባሕር ዛፍ ካለ ይነቀል፤ ውሃውን ይጠጣል።

ሳጥኑ በክሎሪን ታጥቦ፣ ሽታው እስኪጠፋ ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ይቀዳል። የውሃ ኮሚቴው በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ጀሪካን እየለካ በደብተር ይመዝግብ፤ ውሃው ከቀነሰ በመጀመሪያ የሚፈተሸው ቱቦው ሳይሆን ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት፣ እርከኑና ሣሩ ነው።