በሐርትስቶን ወርቃማ ካርድ መሥራት የሚያዋጣው መቼ ነው?

ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተጫዋቾች ያቀረበው ሐርትስቶን የተባለው ዲጂታል የካርድ ጨዋታ አብዛኞቹን ካርዶች በሁለት መልክ ያዘጋጃል፤ አንደኛው ሥዕሉ የማይንቀሳቀስ መደበኛ ካርድ ሲሆን ሁለተኛው ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ፣ ጠርዙም በወርቅ ያጌጠ ወርቃማ ካርድ ነው። ራግናሮስ የተባለውን የእሳት ፍጡር ካርድ ብንወስድ፣ በመደበኛው ላይ ባለበት የቆመው ነበልባል በወርቃማው ላይ ይንቀለቀላል፤ ካርዱ ከእጅ ወጥቶ ሜዳ ላይ ካረፈ በኋላም እሳቱ መንደዱን አያቆምም። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ዋጋው 8 ማና (ካርድ ለመጫወት የሚከፈል ኃይል)፣ የማጥቃት ኃይሉ 8፣ ሕይወቱም 8 ነው። ወርቃማ ካርድ ለዓይን እንጂ ለማሸነፍ የሚጨምረው ነገር ስለሌለ፣ አንድ ተጫዋች ዳስቱን ከማውጣቱ በፊት ሒሳቡን አጥርቶ ሊያውቅ ይገባል።

ዳስት ካርዶች ሲፈርሱ የሚገኝና አዲስ ካርድ ለመሥራት የሚውል የጨዋታው ሀብት ነው። ካርዶች እንደ ብርቅነታቸው ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ኮመን፣ ሬር፣ ኤፒክና ሌጀንደሪ ተብለው ይመደባሉ። መደበኛ ኮመን በ40፣ ሬር በ100፣ ኤፒክ በ400፣ ሌጀንደሪ በ1600 ዳስት ይሠራል፤ የእነዚሁ ወርቃማ መልክ ደግሞ በቅደም ተከተል 400፣ 800፣ 1600 እና 3200 ይጠይቃል። ከዚህ እንደሚታየው ወርቃማ ኮመን ከመደበኛው 10 እጥፍ ሲያስወጣ ወርቃማ ሌጀንደሪ ግን እጥፍ ብቻ ነው የሚያስወጣው።

ይህ ልዩነት በአንድ ሙሉ ዴክ፣ ማለትም ተጫዋቹ ለግጥሚያ መርጦ በሚያዘጋጀው የካርድ ክምር ላይ ሲሰላ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። 2 ሌጀንደሪ፣ 4 ኤፒክ፣ 8 ሬርና 16 ኮመን የያዘ ባለ 30 ካርድ ዴክ በመደበኛ ካርዶች 6240 ዳስት ሲፈጅ፣ ሁሉም ወርቃማ ይሁን ከተባለ 25,600 ይደርሳል፤ 16ቱ ኮመኖች ብቻቸውን 6400 ይወስዳሉ፣ ይኸውም መላው መደበኛ ዴክ ከሚፈጀው በላይ ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት 12 መደበኛ ሌጀንደሪዎችን መሥራት ይቻላል። ስለሆነም በእኔ እምነት በዳስት ወርቃማ ሊሠራ የሚገባው ሌጀንደሪ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዴኩ በመደበኛ ካርዶች ከተሟላና ካርዱ ዘወትር የሚጫወቱበት መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት። ኮመንና ሬር ከፓክ (በዕድል የሚወጡ ካርዶች ከያዘ ጥቅል) ውስጥ በወርቃማ መልክ አልፎ አልፎ ስለሚወጡ እነሱን በትዕግሥት መጠበቅ ይሻላል።

ወርቃማ ሌጀንደሪ ለመሥራት የወሰነ ሰው መደበኛውን አስቀድሞ ባይሠራ ይመረጣል። መደበኛውን በ1600 ሠርቶ በኋላ ወደ ወርቃማው የሚዞር ተጫዋች፣ መደበኛውን ሲያፈርስ የሚመለስለት 400 ብቻ በመሆኑ 1200 ዳስት በከንቱ ያጣል።

ከፓክ የወጣ የማይፈልጉት ወርቃማ ካርድ ሲኖር ሒሳቡ ይገለበጣል። ወርቃማ ሌጀንደሪ ሲፈርስ 1600፣ ኤፒክ 400፣ ሬር 100 ዳስት ይሰጣል፤ ይህም በዚያው ደረጃ የመረጡትን መደበኛ ካርድ ለመሥራት ልክ የሚበቃ ነው። ወርቃማ ኮመን እንዲያውም 50 ስለሚሰጥ 10 ዳስት ይተርፋል። ስብስቡ ገና ለሳሳበት ጀማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የካርዱ ውበት ቢያሳሳም፣ በማይጫወቱበት ካርድ ላይ ውበቱን የሚያየው የለም።

ሆኖም ለማፍረስ አይቸኩሉ። ኩባንያው የአንድን ካርድ ኃይል ሲቀንስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ካርዱ ሲፈርስ የሚሠራበትን ሙሉ ዋጋ ይመልሳል። በሌላ ጊዜ 1600 ብቻ የሚያስገኝ ወርቃማ ሌጀንደሪ፣ ከፓክ በነጻ የወጣም ቢሆን፣ በዚያ ወቅት 3200 ይሰጣል። እየበረታ ሁሉም የሚያማርርበትን ካርድ ማቆየት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ጊዜም መታየት አለበት። ስታንዳርድ በሚባለው አጨዋወት ኩባንያው በየጊዜው ካወጣቸው የካርድ ስብስቦች የቆዩት በየዓመቱ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ገደማ ከአጨዋወቱ ስለሚወጡ፣ ሊወጣ ጥቂት ወራት ለቀሩት ካርድ 3200 ዳስት ማውጣት አይመከርም፤ ካርዱ ከዚያ በኋላ የሚያገለግለው በአብዛኛው የቆዩ ካርዶችም በሚፈቀዱበት ዋይልድ በተባለው አጨዋወት ነው። ዘወትር ዋይልድ ለሚጫወት ሰው ግን ይህ ስጋት የለበትም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። የካርድ ስብስብዎን ከፍተው ወደ መሥሪያው ክፍል ይግቡና ካርዱን ይምረጡ፤ ከዚያም የመሥሪያውን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት የተመረጠው ወርቃማው መልክ መሆኑን ከዋጋው ያረጋግጡ። ኮር በተባለው ነጻ ስብስብ ውስጥ ያሉ ካርዶች እንደማይሠሩና እንደማይፈርሱ ይወቁ። በስሕተት ሌላ ካርድ ከሠሩ ወይም ካፈረሱ፣ የካርዱን መስኮት ሳይዘጉ እዚያው መመለስ ይችላሉ፤ ከተዘጋ በኋላ ግን ለሠሩት ካርድ የሚመለስልዎ ዳስት በተለመደው የማፍረሻ ዋጋ ብቻ ይሆናል።