መስመሩ የሕንፃው በር ላይ ሲቆም

ቫልሃላ (በካርታ ላይ የጉዞ መስመር የሚያወጣ ፕሮግራም) ከጎዳናው ተነስቶ 1ኛ ፎቅ ወዳለ ቢሮ የሚያወጣው መስመር ሁልጊዜ የውጭው ግድግዳ ጋ ይቆም ነበር። ክፍሎቹን በጆስም (የካርታ ማረሚያ ፕሮግራም) እንደ አዲስ ሣልኩ፤ የሌቭል (የፎቅ) ቁጥሮቹንም አስተካከልኩ። ለውጥ የለም። ሦስት ቀን ሄደ።

አንዱ ችግር ቦታውን የመደብኩበት መንገድ ነበር። በኦፕንስትሪትማፕ (ማንም ሊያርመው በሚችል ነፃ ካርታ) ኮሪደሩን «ኢንዶር=ኮሪደር» የሚል መለያ (ታግ) ሰጥቼ በስፋቱ ብቻ ነበር የሣልኩት። ቫልሃላ ደግሞ የሚሄደው በመስመር ነው። በኮሪደሩ መሃል «ሃይዌይ=ኮሪደር» የሚል መለያ ያለው መስመር አሰመርኩ፤ ደረጃውን «ሃይዌይ=ስቴፕስ» አድርጌ «ሌቭል=0;1» (ከምድር እስከ 1ኛ ፎቅ) ሰጠሁት።

አሁንም እምቢ አለ። ዋናው ጉዳይ በሩ ነው፦ የውጭው የእግረኛ መንገድና የውስጡ መስመር አንድ ነጥብ መጋራት አለባቸው። የእኔዎቹ የተነካኩ ይመስላሉ እንጂ፣ ካርታው ሲጎላ በመካከላቸው ስንዝር የማይሞላ ክፍተት አለ። ሁለቱን ነጥቦች በጆስም መርጬ የ«ኤም» ቁልፍን ተጫንኩና አዋሃድኳቸው፤ መግቢያ መሆኑን የሚገልጸውን «ኢንትራንስ=የስ» ጨመርኩ። የቫልሃላን ታይሎች (መስመር የሚያወጣባቸውን የካርታ ዳታ ቁራጮች) እንደገና ስሠራ መስመሩ ደረጃውን ወጥቶ ቢሮው ደጃፍ ደረሰ።